ስለ እህቶቻችን ስንጽፍ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከሒሳብ ክፍል የምትሰሙት ገቢና ወጪ ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ እሱን አናነብላችሁም። የሥራ አመራር ኮሚቴው የሰጠንን ጊዜ ስለ ዜና መጽሔታችን ልንናገርበት ነው፤ በተለይም ዜና መጽሔታችን ኤችአይቪ በደማቸው ስለሚገኝ እህቶቻችን እስከ ዛሬ እንዴት ሲናገር እንደቆየ። «ሒሳብ ሠራተኛ ስለ መጽሔት ምን አገባት?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው ከሒሳብ መዝገባችን ስለሆነ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን ከተዘዋዋሪ የብድር ገንዘባችን 12,000 ብር ወሰደች። ሥራዋ እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ ነው። ይህን ብንናገር ማንነቷ አይታወቅም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ምናልባት ግማሹ እንጀራ ጋግሮ ልጅ ያሳደገ ነው። ሰፈሯን ግን ዛሬም አንናገርም። ውሉ በወር 1,000 ብር እንድትመልስ፣ 100 ብር ደግሞ እንድትቆጥብ ነበር። ሰባት ወር አንድ ቀን ሳታሳልፍ ከፈለች። በስምንተኛው ወር 400 ብር ይዛ መጣች። በዘጠነኛው ጭራሽ አልመጣችም። እኛም መመሪያው እንደሚያዘው 50 ብር ቅጣት መዝገቧ ላይ ጻፍንና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላክንላት። ማኅተም ያረፈበት፣ በአስቸኳይ ቀርባ ካልከፈለች ዋሶቿ እንደሚጠየቁ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ።

በአሥረኛው ወር ቢሮ መጣች። ገንዘብ አልያዘችም። የያዘችው የእኛኑ ዜና መጽሔት ነበር፤ አራት ቦታ ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና «ያልከፈልኩበት ምክንያት ይኸው» አለችን።

ገጹን እናውቀዋለን። ኤችአይቪ በደሟ ስለሚገኝ አንዲት አባል የወጣ ጽሑፍ ነው። ስሟ አልተጻፈም፤ «ወ/ሮ ሀ» ነው የሚለው። ፎቶግራፉም ከጀርባዋ የተነሣ ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ። ስሟን አለመጻፋችንን፣ ፊቷን አለማሳየታችንን እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ቆጥረን ደስ ብሎን ነበር። ጽሑፉ ግን ባለቤቷ ሾፌር እንደነበረና መቼ እንደሞተ፣ ስንት ልጆች እንዳሏት፣ ትልቁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይናገራል። ፎቶግራፉ ላይ ከትከሻዋ በላይ የግቢው የቆርቆሮ በር ከነቀለሙ ይታያል። በሩን የሚያውቅ ሰው ፊቷን ማየት አያስፈልገውም። ደሴ ደግሞ ትልቅ ከተማ ትባል እንጂ ሰፈር ሰፈር ነው። 500 ኮፒ ነበር ያሳተምነው። አንዷ ኮፒ እንዴት አድርጋ እንደሆነ እንጃ፣ እንጀራ ታቀርብበት ወደነበረው ምግብ ቤት ገባች።

ምግብ ቤቱ በቀን 60 እንጀራ ይወስድ ነበር። ባለቤቱ አንድ ጠዋት «ሌላ ሰው ስላገኘን ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አላት። ቀጥሎ በግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች እያረሩም ቢሆን ራሳቸው መጋገር ጀመሩ። ከዚያ አከራይዋ ቤቱን ለልጃቸው እንደፈለጉት ነገሯት። ልብ በሉልን፤ አንድም ሰው አልሰደባትም። ኤችአይቪ የሚለው ቃል ከአንድም ሰው አፍ አልወጣም። እኛ ዘንድ መገለል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ትሕትና ለብሶ፣ ሌላ ሰበብ ይዞ። ስለዚህም መልስ መስጠት አይቻልም። «ቤቱን ለልጄ ፈለግሁት» ላለ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል?

አሁን የምንናገረው ለመናገር የሚከብደንን ነው። ያንን ጽሑፍ ያወጣነው ፈቃድ ሳንጠይቅ አልነበረም። ጠይቀናት ነበር፤ እሺ ብላለች። ይህን በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ደጋግመን ተናግረነዋል፤ ለራሳችንም ብዙ ጊዜ ነግረነዋል። ቆይቶ ግን የጠየቅናት መቼ እንደሆነ መዝገብ ገልጠን አየን። የብድር ማመልከቻዋ በእኛ ጠረጴዛ ላይ በነበረበት ሳምንት ነው። ብድር የጠየቀች ሴት አበዳሪዋ ታሪክሽን እናውጣው ሲላት እንዴት አድርጋ እምቢ ትላለች? ማንም አላስፈራራትም፤ እምቢ ብትል ብድሩ እንደማይከለከልም እርግጠኞች ነን። ግን ያንን የምናውቀው እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም። «እሺ ያልኩት አፍሬያችሁ ነው» ነበር ያለችን፤ ቃሏ ይህ ነው።

ቅጣቱን ሰረዝነው። የቀረውን ዕዳ የመክፈያ ጊዜ አራዘምን፣ ወለዱንም ተውነው። የተተወውን ወለድ መዝገብ ላይ የት እንደምናስቀምጠው ግን ቸገረን። የማይሰበሰብ ብድር ብለን ብንጽፍ ጥፋቱ የእሷ ሊመስል ነው። በመጨረሻ «የዜና መጽሔት ወጪ» በሚለው ሥር አስገባነው። ኦዲተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። አስረዳናቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ማብራሪያ ጽፈን እንድናያይዝበት አዘዙን። ማብራሪያው ዛሬም ከፋይሉ ጋር አለ።

ከዚያ በኋላ በኮሚቴው ውስጥ ረጅም ክርክር ሆነ። አንዳንዶቻችን ስለ ኤችአይቪ መጻፉን ጨርሰን እንተወው አልን። የቁጠባ፣ የሙያ ሥልጠና፣ የልጆች ትምህርት ጉዳይ ሞልቶ እያለ ሰው የሚጎዳ ነገር ምን ያስጽፈናል ብለን ነበር። ለእህታችን ይህንኑ ነገርናት፤ ደስ የሚላት መስሎን። ተቆጣች። «በእኔ ላይ ካወጣችሁት በኋላ ዝም ልትሉ ነው? ዝም ካላችሁማ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው» አለች። ቀጥላም ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እንጀራው እንድንጽፍ ጠየቀችን።

ስለዚህ ስለ እንጀራው ጻፍን። በሁለት ገጽ፣ ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ ማንም ታሪክ። ኤችአይቪ በምግብ እንደማይተላለፍ፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም እንደማይተላለፍ። ምግብ የምታዘጋጀው ሴት ጣቷን ብትቆረጥስ የሚለውን ጥያቄ ሳንዘለው መለስን፤ ሰው በልቡ የሚይዘው እሱን ነውና። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የምጣድ ሙቀት ደግሞ ይገድለዋል። ቢቀር እንኳ የጨጓራ አሲድ አለ። ጽሑፉን የጤና ጣቢያ ነርስ አይታ አረመችልን። ያንን እትም ለአባላት ብቻ አልሰጠንም፤ ይዘነው ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ዞርን፤ እንጀራ ለሚገዙ ሰጠን፤ ለዕድር ዳኞች አደረስን። የስብሰባ ቀን እንጀራ ከተለያዩ አባላት በተራ መግዛት የጀመርነውም ያኔ ነው፤ እሷም በተራዋ ታቀርባለች።

ይህን በማድረጋችን ሁሉም ደንበኛ ተመለሰ ብንላችሁ ውሸት ይሆናል። ያ ምግብ ቤት አልተመለሰም። አከራይዋም ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይታ ገባች። እዚያ የተመለሱም አዲስ የመጡም ገዢዎች አሏት። ብድሩን ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ጨርሳለች።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። የድሮ እትሞቻችንን ከመጀመሪያው ጀምረን አነበብናቸው። «የኤድስ ሰለባ»፣ «በቫይረሱ የተለከፈች»፣ «የቀን ጨለማ የወደቀባት»፤ እንዲህ ነበር የምንጽፈው። ክፋት ኖሮን አይደለም። እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረው ፖስተር የራስ ቅልና አጥንት የተሳለበት ነው፤ የፀረ ኤድስ ክበቡም በሚኒ ሚዲያ የሚያስተላልፈው ማስፈራሪያ ነበር። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ሰው ይጠንቀቅ ተብሎ የተደረገ ነው። ፍርሃቱ ግን ቫይረሱን ብቻ ነጥሎ አልፈራም፤ ሰውየውንም አብሮ ፈራ።

ከሁሉ ይልቅ የቆጨን አንድ ቃል አለ፤ በክፋት የተጻፈ ስላልሆነ ነው የቆጨን። ስለ እህታችን በወጣው ጽሑፍ ላይ «ያለ ጥፋቷ» የሚል አለ። ያለ ጥፋቷ በባለቤቷ ምክንያት ቫይረሱ ወደ ደሟ የገባ ይላል። አንዲት ሌላ አባል ያንን አንብባ መጥታ «እኔስ በጥፋቴ ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። አንዷን ንጹሕ ስንል ሌላዋን ጥፋተኛ አደረግናት። ቫይረሱ እንዴት ወደ ደሟ እንደገባ መጻፍ ጨርሰን የተውነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ለአንባቢ ምንም አይጠቅመውም፤ ለሐሜት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ይህ የእኛ ብቻ ጥያቄ እንዳልሆነ በኋላ ስናነብ ነው የተረዳነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ኤድስ ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው፣ ሰለባ አትበሉን፤ ኤድስ ያለብን ሰዎች በሉን፤ ስለ እኛ በሚወሰንበት ቦታ ሁሉ እንገኝ ብለው መግለጫ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ 42 መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሥራው ሁሉ እንዲሳተፉ ፈረሙ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች በራሳቸው ማኅበር ተደራጅተው በአደባባይ መናገር የጀመሩት ግን ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉት ማኅበራት ሲቋቋሙ። ያኔ በነፃ የሚታደል መድኃኒት አልነበረም። በነፃ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ሰዎች መድኃኒት ሳይኖር፣ ፊታቸውን አሳይተው ነው በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የተናገሩት። እኛ ዛሬ በሁለት ቀለም ዜና መጽሔት ለማተም የምንቸገረውን እያሰብን እናፍራለን።

ግን ፊትን ማሳየት ምን ሊያስከትል እንደሚችልም ማወቅ አለብን። ጉጉ ድላሚኒ የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም የኤድስ ቀን ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በሬዲዮ ተናገረች። በዚያው ወር ደርባን አጠገብ በሚገኘው ሰፈሯ ሰዎች ደብድበው ገደሏት። በዚያው ወር በዚያችው አገር የሕክምና ዘመቻ የተባለው እንቅስቃሴ ተመሠረተ፤ አባላቱ ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም ሁሉም ደረቱ ላይ «ኤችአይቪ ፖዘቲቭ» የሚል ካናቴራ ለበሱ። ማን የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተከራክረው መንግሥት እናት ወደ ልጇ ቫይረሱን እንዳታስተላልፍ የሚረዳውን መድኃኒት በየሆስፒታሉ እንዲሰጥ አስወሰኑ። ካናቴራውን እናሠራ ማለታችን አይደለም። ሐሳቡን ግን ወሰድነው፤ አንዷን ወደ ፊት ገፍተን ከኋላዋ ከመቆም፣ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን ብንናገርስ? የዜና መጽሔታችን የኤችአይቪ ገጽ በአንዲት ሴት ስም መውጣቱ ቀርቶ «እኛ» እያለ መጻፍ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ንግግርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከእኛ መካከል ማን ቫይረሱ እንዳለባት ማን እንደሌለባት አንናገርም፤ የሒሳብ ክፍልም ጭምር።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን እንንገራችሁ። ይህም ከመዝገብ የተገኘ ነው።

አባላት ብድር ሲጠይቁ የቤታቸውን ገቢና ወጪ አብረን እንሞላለን። ባለፈው ዓመት ቅጾቹን ስናጠቃልል አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ሴቶች በየሦስት ወሩ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት የመጓጓዣ ወጪ አለባቸው። ነጋዴዎች አይደሉም፤ እዚያ ዘመድም የላቸውም። ወደየት እንደሚሄዱ አንጠቅስም። በእርጋታ ስንጠይቅ መድኃኒታቸውን ለማምጣት እንደሆነ ነገሩን። እዚሁ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ መድኃኒት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ እያለ! ምክንያቱ የመድኃኒቱ ክፍል ብቻውን ከበሩ አጠገብ መሆኑ ነው። ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ከመንገድ ትታያለች። ለክትባት ልጅ ያዘለች ጎረቤትም በዚያው ታልፋለች።

ሒሳቡን ሠራነው። ለደርሶ መልስ ከነባጃጁ 90 ብር፣ ሥራ ፈትተው ለሚውሉበት ቀን በትንሹ 260 ብር፤ በአንድ ጉዞ 350 ብር። ዘጠኝ ሴቶች በዓመት አራት ጊዜ ሲሄዱ 36 ጉዞ፣ 12,600 ብር። ይህ እህታችን ለእንጀራ ሥራዋ ከተበደረችው ገንዘብ ይበልጣል። አንድ ወንበር የተቀመጠበት ቦታ በየዓመቱ የአንዲት ሴት መቋቋሚያ ይበላል ማለት ነው።

በዜና መጽሔታችን ያወጣነው ይህንን ሰንጠረዥ ነው። ስም የለ፣ ፎቶግራፍ የለ፣ የሚያስለቅስ ታሪክ የለ። ጤና ጣቢያውንም አልወቀስንም፤ ሠራተኞቹ በሥራ ብዛት የተጨናነቁ ሰዎች ናቸው፤ ክፍሉንም እነሱ አልሠሩትም። ከመታተሙ በፊት ዘጠኙም አዩት። ሁለቱ ቁጥሩ ዘጠኝ መባሉ እንዳያጋልጣቸው ሰግተው ነበር፤ ሰንጠረዡ የየትኛው ሰፈር ሴቶች እንደሆኑ እንደማይናገር ካዩ በኋላ ተስማሙ። ከታተመ በኋላ ሁለታችን ኮፒውን ይዘን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ሄድን። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡት። «ወንበሩን አስበነው አናውቅም» አሉን።

በወሩ ወንበሩ ተነሥቶ ሕሙማን ሁሉ በአንድነት የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ የበሩ ጽሑፍ ወርዶ በቁጥር ተተካ። በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ዝቅ ብሎ የጸናላቸው ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ፤ ብዙዎቹ ግን መጠየቅ እንደሚችሉ አያውቁም ነበር፤ በሚቀጥለው እትም እሱን ጻፍን። ከዘጠኙ ስድስቱ ወደዚሁ ተዛውረዋል። ሦስቱ አሁንም ይሄዳሉ። መብታቸው ነው፤ ለምን ብለን አንጠይቃቸውም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሁልጊዜ የማንሰለች ነገር አለ፤ ገና ያልሰሙ ይኖራሉና። መድኃኒቱን በሥርዓት የምትወስድ ሴት በደሟ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ዝቅ ካለና እንዲያ ከቆየ ለትዳር ጓደኛዋ በግንኙነት አታስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣ በአውሮፓ አገሮች የተደረገ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበትን ጥንዶች ተከታትሎ፣ መጠኑ ከማይታይ ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አላገኘም። ልጅም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱ ሊተላለፍባቸው ይችላል፤ በሕክምና ከ5 በታች ይወርዳል። ይህን ስንጽፍ ከአንዲት አማት ስልክ ተደውሎልናል። ምን እንዳሉን እዚህ አንናገርም፤ ልጃቸው ግን አግብቷል።

ደጋፊዎቻችን ፊት ለፊት ስላላችሁልን ወደ እናንተ ዘወር እንበል። ለምታደርጉልን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን፤ ዜና መጽሔቱም ያለ እናንተ አይታተምም ነበር። እንደ ቤተሰብ ስለምናያችሁ ግን እንነግራችኋለን። በየሪፖርቱ መጨረሻ «የተሳካላት ተጠቃሚ ታሪክ ከፎቶግራፍ ጋር» የሚል ክፍት ቦታ ታስቀምጣላችሁ። እህታችንን የጎዳው ጽሑፍ መነሻው ያ ክፍት ቦታ ነበር፤ ለሪፖርቱ የተዘጋጀውን ነው ለዜና መጽሔቱም የተጠቀምንበት። ጥፋቱ የእኛ ነው። የሞላነው እኛ ነን፤ እናንተ ግድ አላላችሁንም። ግን ክፍት ቦታ ያለበት ቅጽ ከተላከ ሒሳብ ሠራተኛ ትሞላዋለች፤ ሥራችን ስለሆነ።

ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ እንደማንልክ ለሁሉም ጻፍን። ከአንዱ በቀር ሁሉም በጎ ምላሽ ሰጡን። ከአንደኛው የሚመጣው የኅትመት ገንዘብ ለአንድ ዓመት ዘገየ፤ ምክንያቱ ይህ ነው ብለን ለመናገር ማስረጃ የለንም፤ ግን ዘግይቷል። በዚያ ዓመት ዜና መጽሔቱ ከ12 ገጽ ወደ 8 ወረደ። የልጆች ገጽ የቀረው ያኔ ነው፤ ልጆቻችሁ ለምን ተወ እያሉ ሲጠይቋችሁ ለነበራችሁ ምክንያቱ ይህ ነበር። እኛ የምንጠይቃችሁ፣ በፎቶግራፉ ቦታ እንደ ወንበሩ ሰንጠረዥ ያለ ነገር ብናስገባ እንድትቀበሉን ነው። ገንዘባችሁ ምን እንደሠራ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ጀርባ ይልቅ ያ ሰንጠረዥ ያሳያችኋል።

ስለ አሠራራችን ለአባላት ማስታወቅ ያለብን ጥቂት ነገር ይቀራል። ከአሁን በኋላ የብድር ማመልከቻ ያላት ወይም ብድር ያልጨረሰች አባል ስለ ራሷ እንድትናገር እኛ አንጠይቃትም። ራሷ ከፈለገች ትመጣለች፤ ስትመጣም የምታነጋግራት ከብድር ክፍል ውጭ የሆነች ሴት ናት። የተጻፈው ይነበብላታል፤ ማንበብ ለማትችልም ጮክ ተብሎ፣ በሯ ተዘግቶ። ከዚያ ሦስት ቀን ታስብበታለች። ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላም ቢሆን ሐሳቧን ከቀየረች እናወጣዋለን፤ ገጹን እንደገና ለማስተካከል ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለውን በበጀቱ ውስጥ ይዘነዋል፤ በሪፖርቱ ተራ ቁጥር 14 ላይ ታገኙታላችሁ።

የፈቃድ ወረቀቱ ራሱ አስጨንቆን ነበር። ፈቃድ በጽሑፍ ካልሆነ ማስረጃ አይሆንም፤ በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ስምና ፊርማ ያለበት፣ ማን ቫይረሱ እንዳለባት የሚናገር ወረቀት ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ስለ ጽሑፉ ይዘት አንድም ቃል አይናገርም፤ የእትሙን ቁጥርና የገጹን ብቻ ይጠቅሳል። ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፉ አባላትም ሁሉ ያንኑ ወረቀት ይፈርማሉ፤ ስለ በርበሬ አዘገጃጀት የጻፈችውም ሳትቀር። የሚቀመጠው በገንዘብ ካዝናው ውስጥ ነው፤ ካዝናው በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ናቸው።

በሕግም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። በሆቴልና በፋብሪካ ለተቀጠራችሁ አባላት ይህን በሚገባ ቋንቋ አዘጋጅተን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ይህን ንግግር ከማቅረባችን በፊት እህታችን አንብባዋለች። ሁለት ቦታ አስወጥታናለች፤ አንድ ቦታ ደግሞ አስጨምራናለች። ያስጨመረችን ብድሩን መጨረሷን ነው።

የሚቀጥለው እትም የጽሑፍ መቀበያ እስከ ታኅሣሥ 15 ነው። በእጅ የተጻፈም እንቀበላለን። መጻፍ የማትችሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምትጽፍላችሁ ሰው ቢሮ ትኖራለች። የልጆች ገጽም ዘንድሮ ተመልሷል፤ ሥዕሎቹን ላኩልን።